ቤት የሌለው በር

«ግማሹን ነው የቀባው» አሉ አክስት ትራይፊና፣ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ እያነሡ። «ታቹን ጨርሶ፣ ላዩን ሳይጀምር። ኤልድሬድ በዕድሜው ሥራ አጋምሶ ሲተው ይኼ የመጀመሪያው ነው። እሱም ቢሆን ሞቶ ነው።»

በወጥ ቤቱ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ከግድግዳው ማዶ ሬሳ መኖሩ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ሳቃቸውን በሻይ አወራረዱት። ድሩሲላ አልሳቀችም። የዘቢብ ዳቦ እየቆረጠች ትደረድር ነበር። ሦስተኛው ዳቦ ላይ ደርሳለች፤ የመጀመሪያው ገና አላለቀም።

«አንቺ ልጅ፣ ቢላውን አስቀምጪው። ለለቅሶኛ ነው ለሠራዊት የምትቆርጪው?»

«እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም፣ አክስቴ።»

«የአባትሽ ልጅ!»

አክስት ትራይፊና ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ በመንደራቸው በሳምሶን ኮቭ ግን ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ አክስት ወይም አጎት ነው። «የአባትሽ ልጅ» የሚለውን ቃል ከትናንት ጀምሮ የገባ የወጣው ሁሉ ይላታል። ሊያጽናኗት ብለው ነው። እሷ ግን በሰማችው ቁጥር ልቧ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ይሰካባታል፤ ምክንያቱም አባቷ በሰው ፊት የተናገራት የመጨረሻ ቃል «አይሆንም» የሚል ነበር።

አባቷ ኤልድሬድ ሳሎን ውስጥ በአራት ወንበሮች ላይ በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ከባሕር በኩል ያለው መስኮት መጋረጃው ወርዷል። የግድግዳው ሰዓት አሥር ከሩብ ላይ ቆሟል፤ ሰው ሲሞት እንደሚደረገው ልማድ ያቆሙት አጎት አምብሮዝ ናቸው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በዳርቻው ሲያልፉ ያገኙት እሳቸው ነበሩ። ብሩሹን እንደያዘ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ደክሞት የተቀመጠ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ቀልደውበታል።

በሩ ቤት የለውም። ድሮ የአንዲት መበለት የዓሣ መጋዘን በር ነበር። መጋዘኑን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነፋስ ሲወስደው፣ ኤልድሬድ በሩን ከነሁለት ምሰሶው በድንጋይ ደግፎ እዚያው ዳርቻው ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በግንቦት ወር ኖራ ይቀባዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም። የመንደሩ ተረበኞች ሲያልፉ በሩን ያንኳኩና፣ «ኤልድሬድ፣ ቤቶች?» ይሉታል። እሱም ብሩሹን ሳያቆም፣ «ወጥተዋል» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ በጉጠት ነው ይባልለት ነበር።

ከንቲባው ቸስሊ ከሰዓት በኋላ መጣ። የሁለት መቶ ሰው መንደር ከንቲባ ስለሆነ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የሚነዳውም እሱ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ሬሳው ፊት ጥቂት ከቆመ በኋላ፣ አብሮ አደጉን ድሩሲላን ወደ መተላለፊያው ጠራት።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ካወቅህ አትናገረዋ።»

«ግድ ሆኖብኝ ነው። የዳርቻው ሊዝ ሐሙስ ከሰዓት ይወሰናል። ላራዝመው ብዬ ነበር። ዳርቻውን የሚሻማሽ የከተማው ኩባንያ ግን ሐሙስ ካልሆነ ሌላ መንደር እሄዳለሁ አለ። ሦስቱ የምክር ቤት አባላት ይኼንን ፈርተዋል።»

«ቀብሩም ሐሙስ ነው፣ ቸስሊ።»

«ጠዋት አይደል?» አለና ባለው ነገር ራሱ አፈረ። «ድሩ፣ ችግሩ ይኼ ነው። ቃለ ጉባኤው ‹አቶ ኤልድሬድ ተቃወሙ› ይላል። ‹የገዛ አባቷ ያልደገፋትን እኛ ለምን እንደግፋለን?› የሚሉ አሉ። ማመልከቻሽን ታነሺዋለሽ ወይስ ትቆሚበታለሽ?»

«ከቀብሩ በኋላ እነግርሃለሁ» አለችው። በልቧ ግን ወስና ነበር። በአባቷ ሬሳ ላይ ተራምዳ የምትሠራው ወደብ አይኖርም።

መንግሥት ኮድ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ከከለከለ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ድሩሲላ ዓሣ ስትበልት አሥራ ስምንት ዓመት የቆየችበት ፋብሪካ የተዘጋው በዚያው ሰሞን ነበር። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሲያሥር እሷ ሁለት ክረምት ከተማ ተቀምጣ የካፒቴንነት ፈቃድ ይዛ ተመለሰች። በሳምሶን ኮቭ ሴት ጀልባ ላይ መውጣቷ ድሮ መጥፎ ገድ ይባል ነበር፤ አባቷም አንድ ቀን በጀልባው አሳፍሯት አያውቅም። አሮጌ ጀልባ ገዝታ አደሰች። ከሰሜን የሚንሳፈፉትን የበረዶ ተራሮችና በወፍ ደሴቷ ላይ የሚፈለፈሉትን ባለቀይ ምንቃር ወፎች ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ልታስጎበኝ ነው። የጎደላት ጀልባዋን የምታቆምበት ዳርቻ ብቻ ነበር።

ዳርቻው የመንግሥት መሬት ነው። ማንም ጀልባውን ይጎትትበታል፣ መረቡን ያሰጣበታል፤ የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው። እሷ የጠየቀችው ሠላሳ እርምጃ ብቻ ነበር፤ ሌላው እንደነበረ ይቀር ነበር። ኩባንያው ግን ዳርቻውን በሙሉ፣ ከነአጥሩና ከነመዝጊያው ነው የፈለገው። መንደሩ ሥራ ይጠማዋል፤ ኩባንያ ደግሞ ሥራ ይዞ ይመጣል። እንዲህ የሚሉትን ሰዎች ድሩሲላ ክፉዎች ናቸው ብላ አታውቅም።

የዛሬ አምስት ሳምንት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ንድፏን በግድግዳው ላይ ሰቅላ አስረዳች። እዚህ ላይ የቲኬት ቤቷ፣ እዚህ ላይ ወደ ውኃው የሚገባው የጀልባ መትከያ። «ያችን አሮጌ በርም እናነሣታለን» ስትል ሕዝቡ ሳቀ፣ አንዳንዱም አጨበጨበ። ያን ጊዜ አባቷ ከኋላ ተነሣ። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሲናገር ያየው ሰው ስላልነበረ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ንድፉን ሳይሆን እሷን አየ።

«እዚያማ አይሆንም» አለ። ትንሽ ጠበቀ፤ ዓይኑን ከዓይኗ አላነሣም፤ ከዚያ ተቀመጠ።

የኩባንያው ወኪል ፈገግ ብሎ ማስታወሻ ጻፈ። የምክር ቤቱ ጸሐፊም ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ እንደ ተጣላ ሰው ሆኑ። ምሳውን እንደ ወትሮው ታደርስለታለች፤ «ብላ» ትለዋለች፣ «በላሁ» ይላታል። ባለፈው እሑድ ብቻ፣ ሳህኑን ልታነሣ ስትል፣ «የልጅሽን ልጅ ምን እያልሽ ነው የምታስተኚያት?» ብሎ ጠየቃት።

ከየት የመጣ ጥያቄ ነው! «አፌ ያመጣልኝን» አለችው፣ ሳታየው።

ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። በማግሥቱ ኖራውን በጥብጦ ወደ በሩ ሄደ። እልሁን ሊያሳያት እንደሄደ ነበር የቆጠረችው።

ረቡዕ ልጇ ሜቪስ ሕፃኗን ይዛ ከከተማ ደረሰች። ቤቱ ጢም ብሏል። ወንዶቹ ወጥ ቤት ሆነው ሮም የተባለውን አረቄ እየቀማመሱ የሟቹን ቁጥብነት ያወራሉ። አንዱ፣ «ለሚስቱ የጋብቻ ጥያቄ ያቀረበላት በአንገቱ ነው አሉ፣ ነቅንቆ!» ሲል ሌላው፣ «እሷስ ብትሆን የመለሰችለት ቶሎ ተናግራ ነው፣ እንዳይደክመው» ይላል። ጫጫታው ሲበዛ ሕፃኗ አለቀሰች። ድሩሲላ ተቀበለቻትና ጸጥታ ወዳለበት ወደ ሳሎን ገባች። አጎት አምብሮዝ ብቻቸውን ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ግማሹን ዕድሜያቸውን በዚህ ሰውዬ ጀልባ ኋላ ነው የቀዘፉት።

ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ሳታስበው፣ እሷ ራሷ ትተኛበት የነበረውን እሹሩሩ አንጎራጎረች፦

የመበለቷ ነጭ በር፣
ሲገኝ ከደወሉ ሥር፣
አሮጊቷን በግራ ተያት፣
ልጇንም በቀኝ እለፊያት፤
ቀጥ በይ ወፌ፣ ቀጥ በይ ወፌ፣
እስክትገቢ ከደጃፌ።

አጎት አምብሮዝ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«ድገሚው።»

«ረበሽኩዎት አጎቴ?»

«ድገሚው አልኩሽ እኮ!»

ደገመችው። ሽማግሌው ወንበራቸውን ጨብጠው ተነሡ፤ በሩን ዘጉና ተመልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኼንን ከማን ሰማሽው?»

«ከአባባ። ልጅ ሆኜ ሲያስተኛኝ ይለው ነበር። ለምን?»

«ስለ ማን ይመስልሽ ነበር?»

«አሮጊቷ አክስት ሳራ ነበሩ የሚመስሉኝ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቤታቸው በግራ ነው፣ የልጃቸው ደግሞ በቀኝ...» አለችና ሳቀች፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አጎት አምብሮዝ አልሳቁም። «አሮጊቷና ልጇ ድንጋዮች ናቸው፣ ልጄ። ከወፍ ደሴቷ ወዲህ፣ ከውኃው በታች ያሉት ሁለቱ። ስማቸው ባሕር ላይ እንጂ የብስ ላይ አይጠራም፤ ገድ አይደለም። ከኛ ዕድሜ ሰው በቀር የሚያውቀውም የለም።»

ድሩሲላ ታውቃቸዋለች፤ በካርታዋ ላይ ሁለት ትንንሽ መስቀሎች ናቸው። አስተማሪዋ፣ «እዚህ ቦታ ጀልባ አያልፍም» ብሎ ቀይ ክብ አድርጎባቸው ነበር።

«በመሐላቸው መንገድ አለ» አሉ አጎት አምብሮዝ። «የመርፌ ቀዳዳ እንለዋለን። የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ዋናው መግቢያ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ወደ ቤት የሚያስገባው እሱ ብቻ ነው። ከባሕር ሆነው እያዩ ጀልባ የሚያቀኑበትን ምልክት የሚያውቁት ያንቺ አያትና አባትሽ ብቻ ነበሩ። ምልክት ደግሞ እንደ ነፍስ ነው፤ ሰው የራሱን ለልጁ ይሰጣል እንጂ አይጠየቅም። የሰባቱን ጀልባዎች ቀን ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ፣ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር አረፋ ሆነ። ሴቶቹ ሁሉ ዳርቻው ላይ ወጥተው፣ ቀሚሳቸው እየተገለበጠ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ቆመዋል። ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል፣ የቱ ማዕበል የቱ ድንጋይ እንደሆነ ሳይለይ፣ አንዲት ጀልባ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላዋ ሌላ። ፊተኛዋ ላይ አባቷ ቆሞ ነበር። ነፋሱ ፋታ ሲሰጥ ድምፁ ይሰማል። ይዘፍናል። የእሷን እሹሩሩ ነበር የሚዘፍነው። እናቷ ታለቅሳለች፤ ድሩሲላ ግን እንዴት እንደኮራች! ለእኔ ነው የሚዘፍነው፣ ብላ ነበር ያሰበችው።

«እኔ ከኋላው ሦስተኛ ነበርኩ» አሉ አጎት አምብሮዝ። «ድምፁን እንሰማለን፣ ቃሉን ነፋስ ይበላዋል። ሰባት ጀልባ፣ ሃያ ሁለት ሰው፣ ያንን ድምፅ ተከትለን ገባን። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ዘፈን ምን ይል እንደነበር ልጠይቀው ፈልጌ አልጠየቅሁትም። ወንድ ልጅ የለውም፤ ምልክቱ አብሮት ይቀበራል ብዬ ነው ከማክሰኞ ጀምሮ እዚህ የተቀመጥኩት። ለካ ቀድሞ ሰጥቶ ጨርሷል።» ወደ ሳጥኑ ዞሩ። «አንተ ሌባ! ከአልጋ ላይ ነዋ የሰጠሃት።»

ድሩሲላ ሕፃኗን አጥብቃ ይዛ ቆመች።

«የድሮ ሰው ደግሞ ‹በይ› አይልም» አሉ ሽማግሌው። «ምልክት ለወንድ ነበር የሚሰጠው። ‹ቀጥ በል› የነበረውን ‹ቀጥ በይ› ያደረገው እሱ ራሱ ነው። ሱቅ ውስጥ እንኳ ሲጠይቀኝ ‹ካፒቴኗን አይተሃታል?› ነበር የሚለኝ። በስምሽ ሲጠራሽ ከሰማሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ።»

«ታዲያ ለምን ‹አይሆንም› አለኝ?»

«መቼ አለሽ? ‹እዚያማ አይሆንም› ነው ያለው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ ገባት። ከባሕር ሲታይ ነጩ በር ከቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ሥር ይቆማል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገጥሙ ጀልባዋ ትክክለኛው መንገድ ላይ ናት፤ እሷ በሩን አንሥታ በቦታው የቲኬት ቤት ልትሠራ ነበር። ከወፍ ደሴቷ በሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ስትመለስ የምትፈልገውን ምልክት በገዛ እጇ ልትነቅል ነበር። እሱ ሕዝብ በሞላበት አዳራሽ ምልክቱን ሊያወጣ አይችልም። መናገርም አያስፈልገውም ነበር። ዓይኗን አይቶ የጠበቀው ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀው ስለመሰለው ነው። ሁሉም «አይሆንም»ን ሰማ፤ «እዚያ»ን የሰማ አልነበረም።

እሑድም ጠይቋት ነበር። ምን እያልሽ ነው የምታስተኚያት?

ሐሙስ ጠዋት ቀበሩት። ከሰባቱ ጀልባዎች በሕይወት የቀሩት አራት ሽማግሌዎች ሳጥኑን ከፊት ያዙ፤ መሸከም የማይችሉት እጃቸውን ብቻ አሳረፉበት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ጸሐፊዋ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አነበበች፦ «አቶ ኤልድሬድ ተቃወሙ።»

«አልተቃወመም!» አሉ አጎት አምብሮዝ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው።

«አጎቴ፣ ሥርዓት ይኑረን እንጂ» አለ ቸስሊ።

«ሥርዓት እሱ የተናገረውን መጻፍ ነው። ሰውየው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቃል ተናገረ፤ እናንተ አንዱን ጣላችሁበት። ‹እዚያማ አይሆንም› ነው ያለው። አስተካክዪው ልጄ፣ እኔ የማላነብ ብሆንም አያለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ጸሐፊዋ ግን ቸስሊን አይታ ሰረዘችና ጻፈች። ያን ጊዜ ድሩሲላ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ ንድፉ ሄደች። እርሳስ አወጣች። የቲኬት ቤቱን ሰርዛ አርባ እርምጃ ወደ ደቡብ አወረደችው። እዚያ ውኃው ጥልቀት ስለሌለው መትከያዋ እጥፍ መርዘም አለበት፤ አንድ ክረምት ተጨማሪ ሥራ ነው።

«እዚያ አይሆንም» አለች። «እዚህ ነው። በሩ በቦታው ይቆያል፤ ከፊቱም ማንም ምንም እንዳይሠራ ሊዙ ላይ ይጻፍልኝ።»

የኩባንያው ወኪል እጁን አወጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። «ይቅርታ፣ እመቤት፣ ኀዘንዎን እረዳለሁ። ግን የምን በር ነው? ቤት እኮ የለውም። ከኋላው ማንም የለም።»

ድሩሲላ ልታስረዳው አፏን ከፈተች። ከኋላ መደዳ የተቀመጡትን አራት ሽማግሌዎች አየች። አፏን ዘጋችው።

«ወጥተዋል» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሶ ተወው። አራቱ ሽማግሌዎች ግን፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለአንድ፣ ለድሩሲላ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ድሩሲላ ጥቁር ልብሷን ሳትቀይር የአባቷን ባልዲና ብሩሽ ይዛ ወደ ዳርቻው ወረደች። ከመግቢያው ውጭ አንድ የበረዶ ተራራ ቀስ እያለ ያልፋል። ኖራውን በጥብጣ ላዩን ጀመረች፤ አባቷ ሁልጊዜ እንደ ጀልባ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚቀባው፤ የቀረው የእሷ ቁመት የሚደርስበት ነበር። ስትጨርስ ጎንበስ አለች።

ከታች፣ እሱ በቀባው ላይ፣ ኖራው ሳይደርቅ ጀርባውን ያስደገፈበት ቦታ ነበር። የሹራቡ ጥልፍ፣ እናቷ የሠራችው ገመድ መሳዩ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ ታትሞ ደርቋል። በትከሻዎቹ መካከል ኖራው ለቆ እንጨቱ ይታያል።

መዳፏን አሳረፈችበት። ቀዝቃዛ ነበር።

ከባሕር የሚመጣ ሰው በሩን ነጭ ሆኖ ማግኘት አለበት። ብሩሹን ነከረች፣ ጠርዙ ላይ አራገፈችና ከታች ወደ ላይ ቀባችው።